ፊቴን ታጥቤ በመገኘቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ

ለጂቾ ላፕቶፕ ኩባንያ
የደንበኞች ፊት መለያ ክፍል የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ መሥሪያ ቤትዎ፣ በየላፕቶፑ ግንባር ላይ በዘበኝነት የቀጠሯቸው ትንንሽ ዓይኖች ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስሜ ስዋብራ ምባረክ ይባላል፤ የምኖረው ሞምባሳ፣ አሮጌው ከተማ፣ ከዓሣ መሸጫው ጀርባ ነው፤ ከእርስዎ ላፕቶፕ በስተቀርም በሰፈሩ ውስጥ የማያውቀኝ ፍጡር የለም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለክብርዎ ደንታ ሳይኖረኝ ቀርቶ አይደለም። በግል የላክኋቸው መልእክቶች ሁሉ «መልእክትዎ ለእኛ እጅግ ውድ ነው» የሚል መልስ እያገኙ ስለተመለሱ፣ ይህን ያህል ውድ ነገር ለብቻዎ ታቅፈው ይቀመጡ ማለቱ ስስት መስሎ ስለታየኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰሞን አገባሁ። ሙሽራ ለሴቶቹ በምትታይበት ምሽት፣ እንደ ወጉ ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ሰበር አድርጌ፣ ሳልስቅና ሳልናገር እየታየሁ ሳለሁ፣ የአባቴ እኅት ቢ ዘይቱኒ («ቢ» በእኛ ዘንድ «እመት» ማለት ነው) ስጦታዋን ይዛ ተነሣች። ቢ ዘይቱኒ ሰጥታ ሳይታይላት ከሚቀር ጭራሽ ባትሰጥ የምትመርጥ ሴት ናት። ስለዚህ የእናንተን ላፕቶፕ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ከካርቶኑ መዝዛ አወጣችና፣ «ይሠራል! ሲሠራ ታያላችሁ! ባዶ ሣጥን አይደለም ያመጣሁት!» ብላ እዚያው ትከፍተው ጀመር። ላፕቶፕዎ በዚህ ትስማማለህ ወይ፣ በዚያስ ትስማማለህ ወይ እያለ ገጽ በገጽ ላይ ሲደረድርባት፣ እሷ ሁሉንም «እንስማማለን! እንስማማለን!» እያለች አንዱንም ሳታነብ አለፈችው። ለእኔ ጋብቻ እንኳ እንዲህ ቶሎ እሺ አልተባለም።

ከዚያ ዘበኛዎ ፊቴን እንዳሳየው ጠየቀ። ቢ ዘይቱኒ «ቀና በይ!» አለችኝ። ከአማቶቼ ወገን አንዷ «ኧረ ሙሽራ ቀና አትልም፣ ነውር ነው!» ብትል፣ አክስቴ «ለሰው መስሎሻል እንዴ ቀና የምትለው? ለዕቃ እኮ ነው!» ብላ አገጬን በሁለት ጣቷ አንሥታ ፊቴን ለላፕቶፑ ደቀነችው። ዘበኛዎም አይቶ፣ አጣርቶ፣ በትልልቅ ፊደል «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ስዋብራ!» አለ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አንዲት አሮጊት ማሽኑ ራሱ የመረቀኝ መስሏቸው «አሚን!» ብለዋል።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ስለዚያ ምሽት ፊቴ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ያ ፊት የእኔ ብቻ አልነበረም፤ ይልቁንም አብዛኛው የቢ ማፍቱሃ ነበር። ቢ ማፍቱሃ የሰፈራችንን ሙሽሮች ሁሉ የምትኳኩል ባለሙያ ናት። ቅንድቤን በቀለም ደምስሳ ግንባሬ እኩሌታ ላይ አዲስ ሠራችልኝ፤ ኩሉን እስከ ጆሮዬ ጥግ ወሰደችው፤ ጉንጬን ከአፍንጫዬ ለየችው፤ ከአፍንጫዬ እስከ ጆሮዬም የኪራይ የወርቅ ሰንሰለት አንጠለጠለችብኝ። እናቴ ራሷ በበሩ ስትገባ ትክ ብላ አይታኝ «ስዋብራ የታለች?» ብላ ጠይቃለች። ይህን የምነግርዎ የዘበኛዎን ጥፋት ለማቅለል ነው። እንግዲህ ወደ አቤቱታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፦ ከሠርጉ በኋላ ባሉት ሰባት የጫጉላ ቀናት ሙሽራ እንደተኳለች ነው የምትቆየው። በእነዚያ ቀናት ዘበኛዎ እንዴት ያለ ጨዋ ነበር! ብቅ ስል ይከፍታል፣ ስሜን ይጠራል፣ ደግሜ ብመጣ ደግሞ ይከፍታል። እኔም ሞኝ አምኜው፣ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የምጽፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ ከአሮጌው ላፕቶፔ አዛወርኩ፤ ባሌ ሉጥፊም አሮጌውን ውስጡን ጠራርጎ ለእኅቱ ሰጣት። የመጨረሻውን ምዕራፍ ከእናንተው ላፕቶፕ ላይ ጽፌ ጨረስኩ። በስምንተኛው ቀን ፊቴን በሳሙና ታጥቤ፣ ካንጋ ሽርጤን አገልድሜ፣ ሻዬንና በዘይት የተጠበሰ ማሐምሪ ቂጣዬን ይዤ ቁጭ አልኩና ከፈትኩት። «ፊትዎን መለየት አልቻልንም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።» ሞከርኩ። ሳቅኩለት፣ ተኮሳተርኩለት፣ ወደ መስኮት ዞርኩለት፣ እንደ ሙሽራ ዓይኔን ሰበር አደረግሁለት። አልቻሉም። ጽሑፉ ሐሙስ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ በኩል ካልገባ የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት እንደሆነ፣ የተገባልኝ የማስተማር ቦታም ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ለዘበኛዎ ጮክ ብዬ ነግሬዋለሁ። ጆሮ የለውም ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ላፕቶፕዎ በዚያ ምሽት ፊቴን ካየ በኋላ ምስጢራዊ ቁጥር አስገቡ፣ ይህንንም ቁጥር ለማንም አይንገሩ ብሎ ቢ ዘይቱኒን አስጠንቅቋት ነበር። እናንተ በሕይወታችሁ የምትሰጡት ትእዛዝ ሁሉ እንደዚህ ቢከበር አገር ገነት በሆነ ነበር። ቁጥሩን እንድትነግረኝ እግሯ ሥር ወድቄ ስለምናት «ለማንም አይንገሩ ይላል እኮ! አንቺስ ማንም አይደለሽም?» አለችኝ። «አክስቴ፣ ላፕቶፑ የእኔ ነው!» ብላት «ስለዚህ ነዋ ምስጢርሽን የምጠብቅልሽ!» አለችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለማንም ላትናገር በአላህ ስም ማለች። ታስታውሰው እንደሆን እጠራጠራለሁ፤ ነገር ግን ይህን ፊት ለፊት የሚላት ሰው በቤተሰባችን እስካሁን አልተወለደም። በግምት የሞከርኳቸው ቁጥሮች ሲበዙ ደግሞ ላፕቶፕዎ ተቀይሞ የቁጥሩን በር ጨርሶ ዘጋው።

ሦስተኛ፦ የጽሑፌ ቅጂ በደመና ላይ በደህና ተቀምጧል ብለው ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ። ደመናውን ለመክፈት የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ የላካችሁት ግን እዚያው ከማይከፈተው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ አስቀምጦ በሩን ከውጭ የሚቆልፍ ሰው እኛ ሰፈር ሲገኝ ዘመድ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርግለታል።

አራተኛ፦ የእርዳታ መስመራችሁ ላይ ያገኘሁት ትሑት ወጣት፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ካስረዳሁት በኋላ፣ «እመቤት፣ በመጀመሪያው ቀን እንደነበሩት ሆነው ይቅረቡ» ብሎ መከረኝ። ወንድሜ፣ በመጀመሪያው ቀን እኮ ሙሽራ ነበርኩ ብለው፣ «ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ምንም ችግር የለውም! ገና ጎሕ ሲቀድ ቢ ማፍቱሃ ዘንድ ሄጄ እንደ አዲስ ተኳኩዬ፣ በዓሣ ገበያው መሐል ላፕቶፕ ታቅፌ ወደ ቤቴ መመለስ ጀመርኩ። ዓሣ ሻጩ ቢላውን አስቀምጦ «አንቺ ልጅ፣ ይሄኛውስ ስንተኛው ባል ነው?» አለኝ። በማግስቱ ደግሞ እንዲሁ ሳልፍ ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም፤ ለሉጥፊ አዝኖ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሆኖ ዘበኛዎ አልከፈተም። ቢ ማፍቱሃ ሥራዋን ዞር ብላ አይታ «ሰንሰለቱ ነው የጎደለው» አለች። ሰንሰለቱ የኪራይ ነበርና ከሌላ ሙሽራ አፍንጫ ላይ ነበር።

ይህን ሁሉ ሲያደርግብኝ ዘበኛዎን ይበልጥ ያሳጣብኝ ደግሞ ጽሑፌ ራሱ ነው። የከተማችን ቁራዎች የሰውን ፊት እንዴት እንደሚለዩ ነው ያጠናሁት። ዓሣ መሸጫው ቆርቆሮ ላይ የሚውል አንድ አንካሳ ቁራ አለ፤ ጎጆውን ስለነካሁበት ቂም ይዞብኝ፣ በሄድኩበት እየተከተለ አናቴን ይኮረኩመኛል። በሠርጌ ማግስት በዚያ ሁሉ ቀለም ተሸፍኜ ሰገነት ላይ ብቅ ስል ምንም ሳያመነታ መጥቶ ኮረኮመኝ። በስምንተኛው ቀን ታጥቤ ስወጣም ኮረኮመኝ። ካሜራ የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ በዓመት አንዴ አድሱኝ አይልም። ደመወዝ ሳይጠይቅ ለእናንተ ይሠራ እንደሆነ ልጠይቀው ብዬ ነበር፤ ለንግግር የሚመች ጠባይ የለውም እንጂ።

አምስተኛ፦ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ስለሆነ ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። ያ ሐሙስ ደረሰ። ሰንሰለቱ ተመልሷል ሲሉኝ ቀትር ላይ እየሮጥኩ ቢ ማፍቱሃ ዘንድ ደረስኩ። እሷ ግን ወንበሯ ላይ እውነተኛ ሙሽራ አስቀምጣ ነበር፤ ኑሰይባ የምትባል፣ በዚያው ምሽት ለሴቶች የምትታይ የባሕር ነጋዴ ልጅ። ሰንሰለቱም ከእሷ አፍንጫ ላይ ነው። «አንቺን ከእሷ በኋላ» አለችኝ ቢ ማፍቱሃ። «ከእሷ በኋላማ ፀሐይዋ ትጠልቃለች!» ብላት «እኔ ፀሐይዋን አልያዝኳት» አለችኝ። ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ከፍቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ፤ ወላሂ አለቀስኩ። የሁለት ዓመት ልፋቴ በእጄ እያለ እንደሌለኝ ሆኖ አንድ ከሰዓት በኋላ ሊያልፍ ነው። ኑሰይባ ሳጌን ሰምታ «ምን ሆነሽ ነው፣ እኅቴ?» ብላ በተኳለ ፊቷ ወደ እኔ ዞር አለች።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ስዋብራ!» አለ ላፕቶፑ።

ክቡርነትዎ፣ ዘበኛዎ ኑሰይባን እኔ ነሽ ብሎ አስገባት። ኑሰይባ ከእኔ ይልቅ ረዥም፣ ከእኔ ይልቅ ቀይ፣ ከእኔ ይልቅ በስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ የአፍንጫችንን ነገር ባላነሣው ይሻላል። ቢ ማፍቱሃ ግን ሁላችንንም አንድ ዓይነት ሙሽራ አድርጋ ነው የምትሠራን፤ ይህን ለዓመታት ስናማት እሷ ስትክድ ኖራለች። ብሩሿ ከእጇ ወደቀ። እኔማ ጮህኩ። ጽሑፌን አወጣሁ፣ በስልኬ ኢንተርኔት አገናኘሁ፣ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ፣ ያቺ አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ መሳብ ጀመረች። ደስ ብሎን ስንሳሳም ላፕቶፑ ማንም አልነካኝም ብሎ ተኛ፤ ሲነቃም እንደገና ፊት ጠየቀ። ኑሰይባ እንደገና ዞረችለት። ከዚያ በኋላ በቤቱ ያሉ ሴቶች ሁሉ እንዳይተኛ በተራ በጣታቸው ይነካኩት ጀመር፤ ማን እንደጀመረችው እንጃ፣ የሕፃን ማባበያ ዜማ ገልብጠው «አትተኛ፣ አትተኛ» እያሉ ያንጎራጉሩለት ነበር።

ይህ በዚህ እንዳለ ውጭ ጥሩምባና ከበሮ መጣ፤ ሙሽራዋን የሚወስዱት ሰዎች ናቸው። የምትነካካው ሴት የጥሩምባውን ድምፅ ሰምታ ወደ መስኮት ሮጠች። መስመሯ ጥቂት ሲቀራት ላፕቶፑ ተኛ። ኑሰይባ ደግሞ ዓይነ ርግቧ ወርዶላት፣ በእናቷ እጅ ተይዛ ደረጃው ላይ ነበረች። ላፕቶፑን ከነመሰኪያው ነቅዬ ተከትያት ወረድኩ። «ግለጪ! ለአላህ ብለሽ አንድ ጊዜ ግለጪ!» አልኳት። እናቷ ቢ ፋይዛ መንገዴን ዘግተው «ምን ያለሽ ባለጌ ነሽ! ሳትታይ ለማን ነው የምትገልጠው?» ብለው ተቆጡ። ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰማው የመግሪብ አዛን ሊደርስ ነው። ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ሰብራ የዋለችው ኑሰይባ፣ «እማዬ፣ ይህ ነገር ሳይላክ ከዚህ ደረጃ ንቅንቅ አልልም» ብላ ዓይነ ርግቧን በራሷ እጅ ገለጠች።

ተከፈተ። መስመሯ ሞላች። «ጽሑፍዎ ደርሶናል» የሚለውን ሳነብ አዛኑ ተሰማ። በደረጃው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ እልል ሲል፣ ጥሩምባ ነፊዎቹ ሙሽራዋ የወጣች መስሏቸው መንፋት ጀመሩ።

ለዚህ ሁሉ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። የቤቴን በር እንዲህ ባለ ጥንቃቄ የሚጠብቅ፣ ባለቤቲቱን አስቀርቶ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ የሚያስገባ ዘበኛ ከየትም አይገኝም። አንድ ነገር ብቻ በጨዋ ደንብ ልንገርዎት። ሉጥፊ ባሌ መነጽሩን ካወለቀ ድመትና ዘንቢል የማይለይ ሰው ነው። በዚያች በስምንተኛዋ ማለዳ ቀለሙን ሁሉ አጥቤ፣ ቅንድቤ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ውኃ እየተንጠባጠበብኝ ከመታጠቢያው ስወጣ፣ መነጽሩን ሳያደርግ ቀና ብሎ አይቶኝ ነበር። ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን አብሮት የሚኖረውን ይህን የታጠበ ፊት ገና ማየቱ ነው። «መጣሽ? ሻይሽን ልቅዳልሽ?» ነበር ያለኝ። እንደገና እንድሞክር አልጠየቀኝም።

እንግዲህ የዘበኛዎን ዓይን አላህ ያብራልዎ፣ የክፍልዎን ሥራ ያቅናልዎ፣ እርስዎም ከእንቅልፍዎ ተነሥተው መስታወት ባዩ ቁጥር ማን እንደሆኑ የሚያውቅልዎ ሰው አያሳጣዎ እያልኩ፣ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ፊቷን እየታጠበች የኩባንያዎን ደንብ የምትጥሰው፣ ለዚህም ደፋርነቷ ይቅርታዎን የምትለምነው፣

ዘወትር አክባሪዎ
ስዋብራ ምባረክ (የታጠበችው)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ቢ ማፍቱሃ ዘንድ ቁጭ ብዬ፣ በዚህ ሳምንት ሙሽራ ፊት ላፕቶፑን አስከፍቼ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ የታጠበ ፊቴን ላስመዝግብ ብል ያንኑ ምስጢራዊ ቁጥር ይጠይቀኛል። ረመዳን እየገባ ነው፤ በረመዳን ደግሞ እኛ ዘንድ ሠርግ የለም፣ ሙሽራ የለም፣ ስለዚህ ላፕቶፕም የለም። መልስዎን ቶሎ ቢልኩልኝ ደግ ነው። ቢ ዘይቱኒም የሆነውን ሁሉ ሰምታ ልቧ ራርቷል፤ ምስጢራዊ ቁጥሩን ለእርስዎ ብቻ በአካል ከመጡ ትነግርዎታለች። በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ፊትዎን ታያለች፤ ካልለየችዎት እንደገና ይሞክሩ።